ራሱን በእጁ ይዞ የመጣው ቅዱስ ሰፈር፦ አራት ቀን በሳን ደኒ

ፓሪስ የሄድኩት ለሥልጠና ነው። ሥልጠናው ዓርብ ቀትር ላይ አለቀ። የመመለሻ ትኬቴ ግን የማክሰኞ ጠዋት ነው። የሆቴሉ ሒሳብ የተከፈለው እስከ ዓርብ ብቻ። ፓሪስ ላይ ከራስ ኪስ አራት ሌሊት ማደር ማለት ደሞዝን ቆጥሮ ማስረከብ ነው። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ጋ ደወልኩ። "ሆቴል ልትከፍል? ጤና የለህም እንዴ? ና እንጂ!" አለችኝ። የምትኖረው ከፓሪስ በስተሰሜን፣ ሳን ደኒ ነው።

ይህን ለሥልጠና ጓደኞቼ ስነግራቸው ፊታቸው ጭፍግግ አለ። አንዷ "ስልክህን ከኪስህ እንዳታወጣ" አለች። ሌላው "እዚያ ደግሞ ምን አለ?" ብሎ ሳቀ።

ሳን ደኒ ያለችበት አውራጃ ቁጥሩ 93 ነው። ልጆቹ "ነፍ ትሯ" ይሉታል፤ ዘጠኝ ሦስት ማለት ነው። በ236 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ1 ሚሊዮን 600 ሺህ በላይ ሰው ታጭቆ ይኖርበታል። ሳን ደኒ ብቻዋን፣ በ2025 መጀመሪያ ከጎረቤቷ ከፒዬርፊት ጋር ከተዋሃደች ወዲህ፣ ወደ 150 ሺህ ነዋሪ አላት። በዜና ስሟ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ለክፉ ነው።

እኔ ግን እዚያ ያለ አንድ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እሱን ሰኞ ላይ ስደርስ አወራዋለሁ። (ቀኖቹን የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው። ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው።)

ዓርብ፣ መስከረም 9

13 ቁጥር ሜትሮ ላይ ሻንጣ ይዞ መሳፈር ራሱን የቻለ ስፖርት ነው። ደግነቱ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ግፊያ ብርቄ አይደለም። ትከሻዬን አስቀድሜ ገባሁ፤ ሻንጣዬን አንድ ረጅም ሰውዬ ጎትቶ አስገባልኝ።

የአክስቴ ልጅ "መስመሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ባቡሩ ግንባር ላይ የተጻፈውን አንብብ" ብላኝ ነበር። አላነበብኩም። የሚከፈልበት ጣቢያ ላ ፉርሽ ይባላል። ፉርሽ ማለት መንሽ ነው፣ ገለባ የምናነሳበት መንሽ። ስሙ ራሱ እየነገረኝ ወደ ግራው ጥርስ ሄድኩ። ሦስት ጣቢያ ካለፍኩ በኋላ ነው የገባኝ። ወርጄ፣ ደረጃ ወጥቼ፣ ደረጃ ወርጄ፣ እንደገና ወደ መንሹ ተመለስኩ።

ማታ ይህን ስነግራት የአክስቴ ልጅ በሳቅ ፈረሰች። የሳቋ ምክንያት የገባኝ የከተማውን ታሪክ ስትነግረኝ ነው። ቅዱስ ደኒ በ3ኛው መቶ ዘመን የነበረ የፓሪስ የመጀመሪያው ጳጳስ ነው። ሮማውያን ሞንማርትር ኮረብታ ላይ አንገቱን ቀሉት። ገድሉ እንደሚለው ቅዱሱ ተነሳ፤ የተቆረጠ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ፤ እየሰበከ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጓዘ፤ ከዚያ ወደቀና ተቀበረ። ከተማው የበቀለው በዚያ መቃብር ላይ ነው። "እሱ ጭንቅላቱን በእጁ ይዞ መንገዱን አልሳተም" አለችኝ፤ "አንተ አንገትህ ላይ እያለ ጠፋህ።"

ደኒ ማለት በእኛ ዲዮናስዮስ ነው። የከተማው ሰዎች እስከ ዛሬ ዲዮኒዚያን ይባላሉ። የጥንት መነኮሳቱማ ቅዱሳቸውን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ላይ ካለው ዲዮናስዮስ፣ ጳውሎስ አቴና ላይ ሲሰብክ ካመነው የአርዮስፋጎስ ሰው ጋር አንድ አድርገውት ኖረዋል። ሰዎቹ አንድ አይደሉም፤ ግን ለገዳሙ ክብር ጥሩ ታሪክ ነበር።

ከሜትሮው ስወጣ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታ ነው። የበቆሎ ጥብስ! አንዲት ሴት የገበያ አዳራሽ ጋሪ ላይ ቆርቆሮ አስቀምጣ፣ ከሥሩ ከሰል አቀጣጥላ፣ በካርቶን እያራገበች "ማይስ ሾ! ማይስ ሾ!" ትላለች። ትኩስ በቆሎ ነው። ፖሊስ ከመጣ ጋሪው ጎማ አለው፤ እሳቱም ከሰሉም እየተንከባለለ ይሄዳል። የእኛዎቹ ጉልት ላይ ስለሚቀመጡ እንዲህ አይመቻቸውም።

የአክስቴ ልጅ ቤት ሌላ ጉድ ነው። ከካቴድራሉ አጠገብ ያለው ይህ የቤቶች ግቢ በ1980ዎቹ ያለቀ ሲሆን የነደፈችው ረኔ ጋዩስቴ የምትባል አርክቴክት ናት። ሕንጻው እንደ ተራራ እርከን ወደ ላይ ይደራረባል። ክፍሎቹ አራት ማዕዘን አይደሉም። ሳሎኑ የሳምቡሳ ቅርጽ አለው። "ቁም ሣጥን የሚገባበት ግድግዳ ፍለጋ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ" ትላለች። ግን እያንዳንዱ ቤት ሰገነት አለው፤ ሰገነቱም አፈር ተሞልቶበታል። የአበባ ማሰሮ ማለቴ አይደለም። ቆፍረህ የምትተክልበት አፈር። እሷ ጎመንና ጤና አዳም ተክላለች። በዚህ የሰው ብዛት ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጎመን! ጎረቤቷ ናና፣ ከላይ ያሉት ደግሞ ወይን አሳድገዋል። ቡናው በጤና አዳም ቀረበ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 10

ሳላስበው በጥሩ ቀን ነው የመጣሁት። ፈረንሳዮች በየዓመቱ በመስከረም ሦስተኛው ቅዳሜና እሑድ የቅርስ ቀን ያከብራሉ። ከ1984 ጀምሮ ነው። በዚያ ቀን ብዙ የሚከፈልበት ቦታ በነጻ ይገባል፤ የተዘጋ በር ይከፈታል። የሳን ደኒ ባዚሊክም፣ ያ ከአክስቴ ልጅ ቤት አጠገብ ያለው ካቴድራል፣ እንዲሁ። በነጻ ሲባል ደግሞ እኔን የሚቀድመኝ የለም፤ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፍ ውስጥ ነበርኩ።

ሰልፉ ራሱ ይታያል። ከፊቴ ከፓሪስ የመጡ ባልና ሚስት አዛውንቶች፣ ካርታ ዘርግተው። ከኋላዬ ሒጃብ የለበሰች እናት መንታ ልጆች በጋሪ እየገፋች። ከጎን አንድ የማሊ ሰውዬ፣ ልብሱ በስታርች የተተኮሰ ሰማያዊ ቡቡ፣ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ።

ቀና ብዬ የባዚሊኩን ፊት አየሁት። አንድ ነገር ጎድሎታል። በቀኝ ግንብ አለ፤ በግራ የለም። ነበረ። ከ80 ሜትር በላይ የሚረዝም ሹል ጫፍ የነበረው የሰሜን ግንብ በ1837 በመብረቅ ተመታ፤ ተጠገነ፤ ጥገናውና የ1840ዎቹ ማዕበል ይብስ ሰነጠቁት፤ ይወድቃል ተብሎ በ1846 እና 1847 ድንጋዩ አንድ በአንድ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ባዚሊኩ አንድ ቀንዱ እንደተሰበረ በሬ ቆሟል። አሁን ግን መልሰው ሊያቆሙት ነው። የብረት መወጣጫው ግራውን በኩል ሸፍኖታል፤ ከሥሩ የድንጋይ ጠራቢዎች አውደ ርእይ አለ።

እዚያ ሳልፈልግ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ። አንዲት ወጣት ጠራቢ መሮዋን በግራ እጇ ይዛ በእንጨት መዶሻ ትመታለች። ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ። ድንጋዩ ክሬም መልክ አለው፤ አቧራው ቅንድቧ ላይ ተኝቷል። የምትጠርበው ቅጠል ነው። ከላይ ተሰቅሎ ከመሬት ማንም የማያየው ቅጠል፣ ግን የቅጠሉን ጅማት ሳይቀር ታወጣዋለች። አንድ ሕፃን "ብትሳሳቺስ?" ብሎ ጠየቃት። "ትንሽ ቅጠል ይሆናላ" አለችው።

የአክስቴ ልጅ በግንቡ ነገር ብዙም ደስተኛ አይደለችም። "ግንቡ ባደገ ቁጥር ኪራዩም አብሮት ያድጋል፣ ታያለህ" ትላለች። ሐቅ አላት። እኔ ግን የቅጠሉን ጅማት ካየሁ በኋላ ተቃዋሚ መሆን አቃተኝ።

ውስጥ ስገባ ቀና አልኩና አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ይህን ቤተ ክርስቲያን የሠራው ሱዤ የሚባል አበምኔት ነው። በልጅነቱ ለገዳሙ የተሰጠ ሰው። በኋላ ንጉሡ ለመስቀል ጦርነት ሲዘምት አገሩን በእንደራሴነት ያስተዳደረ። ሱዤ የድሮው ቤተ ክርስቲያን ጠበበው፤ ጨለመበትም። በ1140 የፊቱን፣ በሰኔ 1144 መቅደሱ ያለበትን የምሥራቁን ክፍል አስመረቀ። ጫፉ የሾለ ቅስት ቀድሞም ነበር፤ ጣሪያ የሚሸከም የድንጋይ አጥንትም ነበር። እዚህ ግን ሁለቱን አጋብቶ ክብደቱን ወደ ቀጫጭን ዓምዶች አወረደው። ግድግዳው ከሸክም ነጻ ወጣ። ነጻ የወጣው ግድግዳ መስኮት ሆነ። ዓለም ጎቲክ የሚለው አሠራር አንድ ብሎ የጀመረው እዚህ ነው። ያ "እዚያ ደግሞ ምን አለ?" ያለኝ ሰው ፎቶ አንስቶ የሚኮራበት ኖትር ዳም ሥራው የተጀመረው ከዚህ ሃያ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው።

ከመስኮቶቹ በአንዱ ሱዤ ራሱ አለ። ፈልጌ ነው ያገኘሁት። መልአኩ እመቤታችንን ሲያበሥር ይታያል፤ ከእግራቸው ሥር አንድ ትንሽ መነኩሴ በግንባሩ ተደፍቷል። ሳቄ መጣ። የእኛም ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላይ ያሣለው ባለጸጋ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ "እንዘ ይትመሐፀን" ተብሎ ይጻፍለት የለ? አንድ ዓይነት ትሕትና ነው፤ መደፋቱን ሁሉም ሰው እንዲያይልህ የምታደርግበት ትሕትና።

ከዚያ መቃብሮቹ። ባዚሊኩ ራሱ እንደሚቆጥረው 42 ነገሥታት፣ 32 ንግሥቶችና 63 መሳፍንትና ልዕልቶች እዚህ ተቀብረዋል። ፈረንሳይን የገዛ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል መጨረሻው ይህ ሰፈር ነበር። ከ70 የሚበልጡ የመቃብር ሐውልቶች አሉ። ብዙዎቹ በጀርባቸው የተንጋለሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያገጣጠሙ ናቸው። በወንዶቹ እግር ሥር አንበሳ፣ በሴቶቹ እግር ሥር ውሻ ይተኛል። ከአንዷ ንግሥት ሥር ያለው ቡችላ ጆሮው በሰው እጅ ብዛት አልቋል። ስምንት መቶ ዓመት ሕፃን ሁሉ እየዳሰሰው ሳይሆን አይቀርም። እኔም ዳሰስኩት፤ ጠባቂዋ በዓይኗ ገሠጸችኝ።

ንጉሥ ዳጎበር በ639 የሞተ ነው። የእሱ መቃብር እንደ ፊልም ይነበባል፦ ነፍሱን አጋንንት በጀልባ ጭነው ሲወስዷት፣ ቅዱስ ደኒና ጓደኞቹ ደርሰው ሲያስጥሏት፣ በመጨረሻም ወደ ሰማይ ስትወጣ። መልእክቱ ግልጽ ነው። ለገዳሙ ስጦታ የሰጠ ሰው አይከስርም።

ከሁሉ ያሳሰበኝ የሉዊ 12ኛና የሚስቱ የአን መቃብር ነው። ከላይ ሁለቱ ካባ ደርበው ተንበርክከው ይጸልያሉ። ከታች ደግሞ ያው ሁለቱ ራቁታቸውን፣ ሬሳ ሆነው። ቀራጺው ምንም አልማረም። አፋቸው ክፍት ነው። አንገታቸው ወደ ኋላ ተቀልብሷል። ሆዳቸው ላይ ደግሞ ስፌት አለ። ሬሳው እንዳይበላሽ ሆድ ዕቃው ወጥቶ የተሰፋበት፣ እንደ ጆንያ አፍ የተጠለፈ ስፌት። በእምነበረድ። ከጎኔ የነበረው ልጅ አባቱን ምን እንደሆነ ጠየቀው። አባት ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ።

ግን እነዚህ ሁሉ መቃብሮች ባዶ ናቸው። ይህን የሰማሁት ወደ ምድር ቤቱ ስወርድ ነው።

በ1793 አብዮተኞቹ መጡ። በነሐሴ ሐውልቶቹን አፈረሱ። በጥቅምት ሬሳዎቹን አወጡ። የሬሳ ሣጥኖቹ እርሳስ ተቀልጦ ጥይት ሆነ። ሄንሪ 4ኛ ሬሳው ሳይፈርስ ስለተገኘ አቁመውት መንገደኛው እየመጣ ያየው ነበር ይባላል። ከዚያ ሁሉም ከቤተ ክርስቲያኑ በስተሰሜን በተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች ተጣለ፤ ኖራ ተደፋበት። ከተማዋም ቅዱሱን ከስሟ አውጥታ "ፍራንሲያድ" ተባለች። ሐውልቶቹን ያተረፋቸው አሌክሳንድር ለኗር የሚባል ሰው ነው፤ ለሙዚየም ብሎ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው። ንጉሣዊው ቤት ሲመለስ፣ በ1817፣ ሉዊ 18ኛ ጉድጓዱን አስከፈተ። አጥንቱ ተገኘ። ግን የማን የማን እንደሆነ ማን ይለይ? ከመቶ በላይ ሰው አጥንት ተደባልቆ አንድ ክፍል ውስጥ ገባ። በሩ በጥቁር እብነበረድ ተዘጋ፤ ስሞቹ ተጻፉበት።

እዚያ ሰሌዳ ፊት ቆምኩ። ስሞቹ በተራ ተደርድረዋል፤ ከኋላቸው ያለው ክምር ግን ተራ አያውቅም። የአንዱ ክንድ ከሌላው ራስ ቅል ጋር። በሕይወት ሳሉ አንድ ክፍል የማይበቃቸው ሰዎች።

ትዝ ያለኝ ልዑል ዓለማየሁ ነው። በ2023 አጽሙ ከዊንዘር ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሰጠው መልስ በዙሪያው የተቀበሩትን ሳይረብሹ ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር። እዚህ ደግሞ ንጉሥን ከንጉሥ መለየት ሳይቻል ሁለት መቶ ዓመት አልፏል፤ ማንም አይቸኩልም። አጥንት የት ይረፍ የሚለውን የሚወስነው ሁልጊዜ አጥንቱ ያለበት ቤት ጌታ ነው።

ስወጣ ፀሐይዋ በደቡቡ ክብ መስኮት ገብታ መሬቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ ረጭታለች። የማሊው ሰውዬ ልጅ ከቀለም ወደ ቀለም እየዘለለ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታል። እዚህ ሰኞ ማክሰኞ ምን እንደሚባል ሳልጠይቅ ቀረሁ።

እሑድ፣ መስከረም 11

የአክስቴ ልጅ "ትናንት ሙታኑን አየህ፤ ዛሬ ሕያዋኑን ላሳይህ" ብላ ገበያ ወሰደችኝ። ማክሰኞ፣ ዓርብና እሑድ ይቆማል። በ1893 የተሠራ የብረትና የመስታወት አዳራሽ አለው፤ ውስጡ ሥጋ፣ ዓሣ፣ አይብ፣ ወይራ። ውጪው ደግሞ አደባባዩንና መንገዶቹን ሞልቶ ይፈሳል፦ ጨርቅ፣ ድስት፣ ሽቶ፣ የስልክ ሽፋን። በፓሪስ ዙሪያ ካሉት ትላልቆቹ አንዱ ነው።

መርካቶን የሚያውቅ እዚህ አይጠፋም። "አን ኧሮ፣ አን ኧሮ፣ አሌ አሌ!" ይላል ድንብላል ሻጩ። አንድ ዩሮ አንድ ዩሮ፣ በሉ በሉ ነው። ባሚያ፣ ካሳቫ፣ ፕላንቴን ሙዝ፣ የደረቀ ዓሣ፣ እቅፍ እቅፍ ናና። ኮረሪማ ፈለግኩ። ቅመም ሻጩ ሄል ሰጠኝ። አይደለም አልኩት። ጥቁር አዝሙድ ሰጠኝ። አይደለም። "ሞን ፍሬር፣ ያልኩህን ካልወሰድክ የአንተን ቅመም አምጥተህ ሽጥልኝ" አለኝ፤ የአክስቴ ልጅ ናት የተረጎመችልኝ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም።

ይህ ከተማ ገበያ የጀመረው ዛሬ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን ከከተማው በስተደቡብ ያለው ሜዳ ላይ በየዓመቱ በሰኔ ላንዲ የሚባል ትልቅ ገበያ ይቆም ነበር። ከፍላንደርስ ጨርቅ፣ ከየአገሩ ቆዳ ይመጣል። እኔን ያስደሰተኝ ግን ብራናው ነው። የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ በተማሪዎቹ ታጅቦ ወደ ላንዲ ወርዶ የዓመቱን ብራና ይገዛ ነበር። ተማሪዎቹ ጉዞውን እንደ በዓል ነበር የሚያዩት፤ ስካርና ድብድብም አይጠፋም። ብራና ፍቀው፣ ወጥረው፣ ቀለም በጥብጠው የሚጽፉ ሰዎች ዛሬም ካሉበት አገር ለመጣ ሰው ይህ እንደ ዘመድ ወሬ ነው። ባዚሊኩ ባይኖር እንኳ ይህ ከተማ በገበያው ይኖር ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገሥታቱ ተቀበሩ፣ ወጡ፣ ተመለሱ። የሚሸጥና የሚገዛ ሰው ግን ቦታውን ለቆ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ነገር አየሁ፣ በጥድፊያ። የድሮው የገዳሙ ሕንጻ ከናፖሊዮን ዘመን ጀምሮ የሌዥዮን ዶነር ኒሻን የተሸለሙ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች የሚማሩበት የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቹ ደረታቸው ላይ የሚያስሩት ጥብጣብ ቀለሙ ክፍላቸውን ይናገራል። ሁለተኛው በጥንት የቀርሜሎስ መነኮሳይያት ገዳም ውስጥ ያለው የከተማው ሙዚየም ነው። የሉዊ 15ኛ ልጅ ልዕልት ሉዊዝ በ1770 ቬርሳይን ጥላ እዚህ መነኮሰች። ግድግዳው ላይ መነኮሳይያቱ እያነበቡ የሚያልፉት ምክር በቀለም ተጽፏል። ከላይ የ1871ዱ የፓሪስ ሕዝብ አመጽ፣ የኮሚዩኑ፣ ፖስተሮችና ሥዕሎች አሉ፤ ሙዚየሙም ስሙን ያገኘው በ1895 እዚህ ከተማ ከተወለደው ገጣሚ ከፖል ኤሉዋር ነው። ልዕልት፣ አብዮተኛና ገጣሚ በአንድ ጣሪያ ሥር። እግሬ ስላበጠ ግን በቅጡ አላየሁትም፤ አልዋሽም።

ሰኞ፣ መስከረም 12

ጠዋት ብቻዬን ወጣሁ። የአክስቴ ልጅ ሥራ፣ ልጇ ትምህርት ቤት። የሳን ደኒን ቦይ ተከትዬ ወደ ደቡብ ተጓዝኩ። በ1821 የተከፈተ የ6.6 ኪሎ ሜትር ቦይ ነው። ከሴን ወንዝ የሚመጡ ጀልባዎች ፓሪስን ሳይዞሩ እንዲገቡ የተቆፈረ። ዛሬም አሸዋና ጠጠር የጫነ ጀልባ ይሄድበታል። በግራና በቀኝ የኮንክሪት ፋብሪካ፣ አዲስ አፓርትመንት፣ ከዚያ በድልድዮቹ ሥር ትላልቅ የግድግዳ ሥዕሎች። ዓሣ አጥማጅ አየሁ። ዓሣ አላየሁም።

ከቦዩ አልፎ ላ ፕሌን የሚባለው ሜዳ አለ። ያ የላንዲ ገበያ ሜዳ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ ካሉት ትላልቅ የኢንዱስትሪ ሰፈሮች አንዱ ሆነ። ብረት፣ ኬሚካል፣ መስታወት፣ ጋዝ። ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር። መጀመሪያ ብሬቶኖች ከራሷ ከፈረንሳይ ገጠር መጡ፤ ከዚያ ጣሊያኖች፣ ስፓኞች፣ አልጄሪያውያን፣ ፖርቱጋሎች፣ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች። ስፓኞቹ በጠባብ መንገዶች ላይ በገዛ እጃቸው ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች ሠርተው "ትንሿ ስፔን" የሚባል ሰፈር መሠረቱ። ዋናው መንገድ ክሪስቲኖ ጋርሲያ ይባላል። ፈረንሳይ ውስጥ ናዚዎችን የተዋጋ፣ በኋላ በ1946 የስፔኑ አምባገነን ፍራንኮ ያስገደለው ሰው ነው። ጥቂት ቤቶች ዛሬም ቆመዋል፤ በላያቸው የመስታወት ቢሮዎች ጥላቸውን ጥለውባቸዋል።

አንድ ካፌ ገባሁ። አንድ አልጄሪያዊ ሽማግሌ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። እንዲህ ያሉትን ለሥራ መጥተው እዚሁ ያረጁ ሰዎች "ሺባኒ" ይሏቸዋል፤ ሽበታሙ ማለት ነው። ቃሉ ለእኛ ጆሮ ትርጉም አያሻውም፤ "ሽበት" ብሎ ይሰማል። በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ ሰላም አልኳቸው። የት አገር ብለው ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ሁለት ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ እንደ እግር እያፈራረቁ አሯሯጡ። አበበ ቢቂላ አሉ። ቡናዬን ከፈሉልኝ።

ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ የአክስቴ ልጅ ልጇን ከትምህርት ቤት ይዛው መጣች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። አማርኛው ግማሹ ፈረንሳይኛ ነው፤ ግን "ጋሼ" ይለኛል፤ እናቱ በዚህ ቀልድ አታውቅም። ሦስታችን ወደ ትልቁ ስታዲየም፣ ወደ ስታድ ደ ፍራንስ ሄድን።

አሁን የልጅነቴን ነገር ላውራ። ነሐሴ 18 ቀን 1995 ዓ.ም. በእኛ፣ በፈረንጆቹ 2003። እሑድ፣ ፍልሰታ ከተፈታ ሁለት ቀኑ። ጎረቤት ቤት፣ ዳንቴል የለበሰ ቴሌቪዥን ፊት፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተጨናንቆ ተቀምጧል። የዓለም ሻምፒዮና 10 ሺህ ሜትር። ኃይሌ ገብረሥላሴ በዚህ ርቀት አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነው። አጠገቡ የ21 ዓመቱ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን። ሁለተኛውን 5 ሺህ ከ13 ደቂቃ በታች ነው የሮጡት። በመጨረሻ ሦስቱ ብቻ ቀሩ። ቀነኒሳ በ26 ደቂቃ ከ49.57 ሰከንድ ገባ፤ ኃይሌ አንድ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ፣ ስለሺ ሦስተኛ። ሦስት ባንዲራ። ጎረቤታችን እትዬ አንድ ጊዜ ለቀነኒሳ እልል ይላሉ፤ አንድ ጊዜ ለኃይሌ ያለቅሳሉ። አስተያየት ሰጪው "ፓሪስ፣ ፓሪስ" ይል ነበር። ፓሪስ አልነበረም። ሳን ደኒ ነው። በዋዜማው ብርሃኔ አደሬ፣ በሳምንቱ ደግሞ የ18 ዓመቷ ጥሩነሽ ዲባባ ወርቅ የወሰዱት እዚሁ ነው።

ስታዲየሙ የቆመው የላንዲ የጋዝ ፋብሪካ በነበረበት መሬት ላይ ነው። በጥር 1998 ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ፈረንሳይ ብራዚልን 3 ለ 0 አሸንፋ የዓለም ዋንጫ አነሳች። ጣሪያው እንደ ትልቅ ምጣድ አየር ላይ ተንሳፍፏል። በኅዳር 2015 አጥፍቶ ጠፊዎች ራሳቸውን ያፈነዱት ደጃፉ ላይ ነው፤ ለሞተው ሰው መታሰቢያ ሰሌዳ አለ። በ2024 ኦሊምፒክ ደግሞ በሪሁ አረጋዊ በ10 ሺህ ሜትር ብር ያገኘው እዚሁ ነው፣ ወርቁ በዓይን ቅጽበት አምልጦት።

ልጁ "መሮጫው የታለ?" አለ። ነገርኩት። የታችኛው ተመልካች መቀመጫ ተንቀሳቃሽ ነው። ለኳስ ወደ ፊት ይመጣና መሮጫውን ይሸፍነዋል። ለሩጫ ወደ ኋላ ሲሳብ መሮጫው ከሥር ብቅ ይላል። ልጁ አሰበ። "ታዲያ አሁን ሰዎቹ ቀነኒሳ ላይ ነው የሚቀመጡት?" አለ።

ከዚያ ሌላ ጥያቄ መጣ። ቀነኒሳ ከምባፔ ይፈጥናል ወይ? ምባፔ የዚሁ የ93 ልጅ ነው፣ የቦንዲ። ከባድ ጥያቄ ነው፤ በ100 ሜትር ነው ወይስ በ10 ሺህ? ክርክሩ እስከ በሩ ድረስ ቀጠለ። በመጨረሻ ልጁ ክርክር ሰለቸውና ቦርሳውን መሬት ላይ ጣለ።

"ከዚህ ምሰሶ እስከዚያኛው" አለ። "እኔ ቀነኒሳ ነኝ። ማማ ኃይሌ ናት። ጋሼ፣ አንተ ስለሺ ነህ።"

"ለምን እኔ ስለሺ?"

"ትልቅ ነህ።"

እናቱ ከሜትሮው በር የገዛችው የበቆሎ ጥብስ እጇ ላይ ነው። "እኔ በሥራ ጫማ አልሮጥም" አለች። አን፣ ዱ፣ ትሯ ብሎ ቆጠረና ተፈተለከ። እሷም ተፈተለከች። እኔ ሳቄን እስክጨርስ አሥር ሜትር ቀደሙኝ።

ውጤቱ ልክ እንደ 2003ቱ ሆነ። ኃይሌ በቆሎዋን ሳትጥል ሁለተኛ ገባች።